የዘጋሁባት መስኮት

ዳማከሴ ሲታሽ ከሸተተኝ ትንፋሽ ያጥረኛል። ለሌላው ሰው የምች መድኃኒት ነው፤ ለእኔ ያ መስኮት ነው።

በደርግ ጊዜ ኮልፌ እንኖር ነበር። አባቴ ግንባር ዘምቶ ደብዳቤው ከቀረ ቆይቶ ነበር። እናቴ ገና አርባ ሳይሞላት እጢ ተገኘባትና ማህፀኗ ከነእንቁላል ማመንጫው ወጣ። ቁስሉ ሻረላት። ከዚያ እሳቱ ጀመራት። ሙቀቱ ከደረቷ ተነስቶ እስከ ግንባሯ ያነዳታል፤ ቀሚሷ በላብ ይርሳል፤ ወዲያው ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። እንቅልፍ አጣች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እናቴ ግን አልደበቀችም፣ ለሰው ሁሉ ነግራ ነበር።

ጎረቤታችን፣ መርካቶ ጨርቅ የምትሸጥ ደግ ሴት፣ አንድ ጊዜ አየቻትና ፈረደች።

«ምች ነው። ቁስሏ ላይ ነፋስ ገብቶባት ነው። አንቺ ልጅ፣ በሩንም መስኮቱንም ዝጊ፤ ላብ እንዲወጣት ደህና አድርገሽ ሸፍኛት።»

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ እንዳትሞትብኝ የተባልኩትን ሁሉ አደረግሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ዳማከሴ አሽቼ ጨመቅሁላት፤ በጋቢዋ ላይ ብርድ ልብስ ደረብኩባት፤ የመስኮቱን ሽንቁር ሳይቀር በጨርቅ ወተፍኩ።

«ልጄ፣ ትንሽ ክፈችልኝ። ተቃጠልኩ።»

«ነፋስ ይመታሻል፣ እማዬ።»

«ይምታኝ።»

አልከፈትኩም። እጇን ባወጣች ቁጥር መልሼ ከጋቢው ስር እከተዋለሁ። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀሰች። እኔ በሽታው እየወጣላት መስሎኝ ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ምች ያልነው አልወጣም፤ እኛም መዝጋቱን አልተውንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ሳለ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሳችም።

ዓምና እኔንም እሳቱ ያዘኝ። ቤቴል ያለችው ሐኪሜ እንደ ቀላል ነገር አስረዳችኝ። «ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ ነው። እንቁላል ማመንጫው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ደግሞ ባንዴ ይቋረጣል፤ አጥንትም ይሳሳል። ሕክምና አለው፣ አይጨነቁ።» ሕክምና አለው። እዚያው ወንበሩ ላይ አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ እሷ ለራሴ መሰላት።

ቤት ገብቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ውጭ ይዘንባል።

«ነፋስ ይመታሻል እኮ፣ እማዬ» አለች ልጄ።

«ይምታኝ» አልኳት፤ ድምፄ የእናቴ ሆነብኝ።

ልጄ አየችኝ። አልዘጋችውም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጥታ አጠገቤ ቆመች።