በሰው በግ የተሳለችው ልጅ

የልጅ ልጄ ሙክቴን ሳትጠይቀኝ ለእመቤታችን የተሳለችው በስምንት ዓመቷ ነው።

በጉን ከሳጉሬ ገበያ ገዝቼ፣ ፉርሽካና አተላ እያበላሁ ያደለብኩት ለፋሲካ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ያኔ ልቧን ታማለች። የጉሮሮ ሕመም ብለን የናቅነው ነገር ልቧ ላይ ወርዶ፣ ከአልጋዋ እስከ በር ስትሄድ እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ አዲስ አበባ ተራ ትጠብቅ አለን። ስንጠብቅ ቆየንና አባቷ፣ ማለት ወንዱ ልጄ፣ "እማዬ፣ እስከዚያው እመቤታችን ኮረብታ እንውሰዳት" አለኝ። እኛ ካቶሊኮች ነን። በአሰላ ብዙ አይደለንም፤ በዓመት አንዴ ለበዓሏ እዚያ ኮረብታ ላይ ስንሰበሰብ ግን ብዙ እንመስላለን።

ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ልጅቷ እቅፌ ላይ እንድትሆን ፈለገ፤ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ሊጭን ነው።

"ሂሳቧ ተከፍሏል። ወንበሩ የእሷ ነው" አልኩት።

"እማማ፣ ጠበቃ ነዎት እንዴ?"

"እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። አምስተኛ ብደርስ ኖሮ አንተን ከዚህ መኪና አስወርድህ ነበር።"

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ልጅቷ በወንበሯ ተንሰራፍታ ሄደች።

ዳገቱን አባቷ በጋቢ አዝሎ አወጣት። ላይ ስንደርስ ሰው በእመቤታችን ሐውልት ፊት ሻማ እያበራ ስለቱን ይናገራል። የእኛዋም ከአባቷ ጀርባ ሳትወርድ አንገቷን አስግጋ፣ "እመቤቴ ማርያም፣ የዛሬ ዓመት ይህን ዳገት በእግሬ ከወጣሁ የአኮን ሙክት አመጣልሻለሁ" አለች። አኮ የምትለኝ እኔን ነው፤ ኦሮምኛ ነው፣ አያቴ ማለቷ ነው።

"የማንን?" አልኳት።

"ያንቺን።"

"በሰው በግ ይሳላሉ እንዴ?"

"እኔ በግ የለኝማ።"

አጠገባችን የቆሙት አባ ጣልቃ ገቡ። "እማማ፣ ልጅ ናት፣ ይለፏት።"

"አባ፣ ለእመቤታችን ብዬ እኮ ነው። ባለቤቱ ያልፈቀደውን በግ ትቀበላለች?"

አባ ወደ ሻማዎቹ ዞሩ። እኔ ግን ውስጤ ሌላ ነገር ገብቶ ነበር። ልጅቷ "የዛሬ ዓመት" ብላለች። ቤታችን ውስጥ ይህን ቃል ደፍሮ የተናገረ ሰው አልነበረም። ስለሚቀጥለው ሳምንት እንኳ ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።

"እሺ፣ ፈቅጃለሁ" አልኳት። "ግን በእግሬ ብለሻል። አንዲት እርምጃ ከታዘልሽ በጉ የእኔ ነው።"

"እሺ" አለች።

ፋሲካን በዶሮ ዋልን። ጎረቤቶቼ ሙክቱ በረት ውስጥ ሲጮህ እየሰሙ ንፉግ ሆነች ብለው አሙኝ፤ ይሙኝ። ከዚያ የልጅቷ ተራ ደረሰና ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። ሕመሙ እንዳይመለስባት ዛሬም በየወሩ መርፌ ትወጋለች። ከንፈሯ ላይ ግን ቀለም ተመለሰ፣ ከእኔም ጋር መጨቃጨቅ ጀመረች።

ዓመቱ ሲደርስ ሐኪሟን ጠየቅን። ቀስ ብላ፣ እያረፈች ትውጣ አለ። በጉን ጨምረን ሄድን። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ በላብ ርሷል። አባቷ ሮጦ ጀርባውን ሰጣት።

"ነይ፣ ልዘልሽ።"

"እዘላት፣ እዘላት" አልኩ። "በጉን ለፋሲካ አርደዋለሁ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ልጄም አየኝ፤ ጨካኝ ናት ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እኔ በነጠላዬ ስር መቁጠሪያዬን ጨብጬ፣ እመቤቴ ሆይ፣ ይህን በግ ውሰጂልኝ እያልኩ ነበር።

ልጅቷ በደንብ አረፈች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተነሳች። እኔን አልፋኝ ሄደች።

እንቢ ያለው በጉ ነው። ፉርሽካዬ አወፍሮት ኖሮ፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ሜዳ ላይ ተዘረረ። ብንጎትተው፣ ብንገፋው አልነሳም አለ። በመጨረሻ ልጄ እያማረረ ትከሻው ላይ ጫነው።

አባ ከላይ ቆመው ሲያዩን ቆይተው፣ "አንተ፣ አምና ልጅ፣ ዘንድሮ በግ?" አሉት። ወደ እኔ ዞሩና፣ "እማማ፣ በጉ ታዝሏል። ስለቱ ይፈርሳል?" አሉኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ። "በእግሬ ያልኩት እኔ ነኝ። በጉ ምንም አላለም።"

ቃሏን ላይ ታች ብዬ መረመርኩት። ቀዳዳ የለውም።

"ልጅቷ ልክ ናት፣ አባ" አልኩ።

ልጄ በጉን አወረደው። ልጅቷ ገመዱን ተቀብላ ጥቂት ጎተተችና ቆመች፤ ከዚያ ገመዱን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

"አኮ፣ ባለቤቱ አንቺ ነሽ። አብረን እንስጥ።"