ለሚወፍር ሰው የተለካ ቀለበት

ነጩ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የዳቦ ቤት ባልደረቦቹ ናቸው። መልኩ እንኳ ጠቆር ያለ ነው፤ ግን ያለ ዱቄት ያየው ሰው ስላልነበረ ነጩ ተባለ፣ ነጩ እንደተባለም ቀረ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ጆሮው ጀርባ ዱቄት፣ ሲያስነጥስ እንኳ ዱቄት የሚበን ይመስል ነበር። ሚስቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ሊጥ ሲያቦካ አድሮ ጠዋት ወደ ቤት ሲመጣ፣ እሷ መስኮቱ ሥር ማሽኗ ላይ ተቀምጣለች። ቀና እንኳ ሳትል፣ "አራግፈህ ግባ!" ትለዋለች። በእጇ ያለው የሰው ልብስ ነዋ። እሱም ደጃፉ ላይ ቆሞ ልብሱን እያራገፈ፣ "ይኸው፣ ለአንቺ ስል ጠቆርኩ" ይላታል። እንዲህ እየተባባሉ ነው ወደ እርጅናው የተጠጉት።

በሽታው ድምፁን አጥፍቶ ነው የገባው። ከሐኪሙም ከራሱም ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት፤ በሱሪው። "ወገቡ ላይ ሰፋብኝ፣ እስቲ ያዝ አድርጊልኝ" አላት አንድ ቀን። አጠበበችለት። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ። እንደገና አጠበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያመጣው ግን መቀሱን አስቀመጠችው፤ የኋላ ኪሶቹ ሊጋጠሙ ምንም አልቀራቸውም።

"አንተ ሰውዬ፣ ምሳህን ትበላለህ ወይስ ለድመት ነው የምትሰጠው?" አለችው እየሳቀች። ሳቋ ግን ከከንፈሯ አልዘለቀም።

ከሱሪው ቀጥሎ የጋብቻ ቀለበቱ ነው። አንድ ጠዋት ነጩ ደጃፉ ላይ ሳይራገፍ ከነዱቄቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

"ምነው?"

"ቀለበቱ የለም።"

"ምን ማለት ነው የለም?"

"ከሊጡ ጋር ሳይሄድ አልቀረም። ጣቴ ከስቷል መሰለኝ፣ ሲወልቅ እንኳ አልተሰማኝም። ልብ ስል ዳቦው ተጋግሮ፣ ተጭኖ፣ ሄዷል።"

ነገሩ ሰፈሩ ውስጥ ሲሰማ መሳቂያ ሆነ። ዳቦውን ሳይፈረፍር የሚጎርስ ሰው ጠፋ። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት ብቅ እያለ፣ "ነጩ! እኔ ካገኘሁት እኔን አገባህ ማለት ነው፤ ከወዲሁ አስብበት!" ይለዋል።

"አንተን ከማገባ ሊጥ ሆኜ ብቀር ይሻለኛል" ይመልሳል ነጩ።

ቀናት አለፉ፣ ቀልዱም ቀዘቀዘ። ያገኘው ሰው ወይ ዋጠው፣ ወይ ወደደው፤ ቀለበቱ አልተመለሰም። ነጩም ከዚያ ወዲህ የዱቄት ጆንያ ማንሳት አቃተውና ሥራውን ትቶ ቤት ዋለ።

አልጋውና ማሽኗ ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እየሰፋች ታየዋለች። ጠያቂ ሲመጣ ለሰላምታ የሚያወጣው ቀኝ እጁን ብቻ ነው፤ ግራው ከብርድ ልብሱ አይወጣም። ሙቀት በሆነበት ቀን እንኳ አይወጣም።

"ምነው ያንን እጅህን አየር ብታስነካው?"

"ራቁቱን ነው፣ ያፍራል" አላት። ቀልድ ነበር። ግን ቀልዱን ተናግሮ ሳይጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንጀቷን በላት።

"ሌላ እናሠራለን" አለችው።

"አንድ ሳንቲም እንዳታወጪ! ለመድኃኒቱም አልበቃሽም። ብታመጪውም አላደርገውም፤ ነግሬሻለሁ።"

እሺ አለችው። እሷ እሺ ስትል እሺ ማለቷ እንዳልሆነ፣ ደህና በነበረበት ጊዜ ቢሆን ያውቅባት ነበር።

ቀትር ላይ ሸለብ ሲያደርገው ያንን እጅ ከብርድ ልብሱ ቀስ ብላ አወጣችው። ያ የሊጥ ተራራ የሚገለብጥ እጅ እንደ ላባ ቀሏል። ጣቱ ላይ ክር ጠመጠመች፤ እንደ ልማዷ ለካችና ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ በወረቀት ጠቅልላ ከጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ "የታዘዘ ልብስ ላድርስ" ብላ ወጣች።

መጀመሪያ የገባችው መብራቱ ዓይን የሚወጋ አንድ ጌጣጌጥ ቤት ነው። ጥፍሯን የተቀባች ልጅ ከመስታወቱ ኋላ ተነሣች።

"ለማን ነው ማዘር? ለወንድ ልጅዎ?"

"ለባሌ።"

"ውይ፣ ደስ ሲሉ! ስንት ዓመታችሁ ነው?"

"ብዙ ነው።"

ወርቁን አየች። ከወርቁ ሥር የተለጠፈውን ዋጋ አየች። ወደ በሩ ዞር ስትል ልጅቷ ክፉ ስላልነበረች ሌላ ሣጥን ከፈተችላት።

"ይሄ የወርቅ ቅብ ነው፣ ከሩቅ አይለይም። በጣም ርካሽ ነው።"

"ቶሎ ይለቃል?"

"እንደ አያያዙ ነው። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሳይለቅ ይቆያል።"

ልጅቷ የነገረቻት የቅቡን ዕድሜ ነው። እሷ ግን፣ ለእሱማ ይበቃዋል፣ የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባት። ብልጭ ሲልባት ራሷን ጠላች። ሣጥኑን ወደ ልጅቷ መልሳ ገፋችው።

"የማይለቅ ነው የምፈልገው" ብላ ወጣች።

ሌላ ቦታ የብር ቀለበት አሳዩአት። ብሩ ምንም አይልም፤ ጣቷ ላይ ካለው የወርቅ ቀለበት አጠገብ ሲሆን ግን ከሌላ ልብስ ተቀድዶ የመጣ እጅጌ መሰለባት። መጨረሻ ላይ ከአንድ ጫማ መሸጫ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ አገኘች። ሰውየው ፊቷን አላየም፤ እጇን ነው ያየው።

"ያንን አምጪው እስቲ።"

"ይሄ አይሸጥም አባባ!"

"ማን ሽጪልኝ አለሽ? አሳዪኝ ነው ያልኩት።"

በሳሙና ነው የወለቀላት። ሽማግሌው መዘነው፣ አገላበጠው፣ ወደ ብርሃኑ አነሣው።

"የድሮ ሥራ ነው፤ ያኔ አይሰስቱም ነበር። ይሄን አቅልጬ ሁለት ቀጫጭን ላውጣልሽ። የእጄን ብቻ ትከፍያለሽ። የሱን ልክ ይዘሻል?"

ክሩን ከወረቀቱ አውጥታ ሰጠችው። ስትወጣ ባዶ ጣቷን አየች፤ ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ሲቀልጥ ላለማየት ፈጠን ብላ ሄደች።

በማግሥቱ የባሏ ታላቅ እህት ልትጠይቅ መጣች። እትዬ ሰው ስትጠይቅ በሽተኛውንም ቤቱንም ትመረምራለች። ገና ሳትቀመጥ ዓይኗ ማሽኑ ላይ ያለው እጅ ላይ አረፈ።

"ቀለበትሽስ?"

"አብጦብኝ ነው እትዬ። ጣቴን።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አብጦ ነው ወይስ ሸጠሽው? ሰውየው ዓይኑ ሳይከደን?"

"እትዬ፣ በናትዎ ይተዉኝ።"

"እኔማ ልተው። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው እንጂ!"

ነጩ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ግን እንቅልፍ አልነበረም። እህቱ ሄደች። ማሽኑ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ "ልክ ነሽ" አላት።

"ምኑ?"

"ከአሁኑ አውልቀሽ መልመድሽ። ኋላ በአንዴ ከሚሆንብሽ።"

እግሯ ማሽኑ ላይ ደረቀ። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ንገሪው ይላታል ልቧ፤ ብትነግረው ደግሞ የራሷን አስቀልጣ ለእሱ እያሠራች መሆኑን ሰምቶ፣ ሄደሽ መልሺው ብሎ እንደሚጣላት ታውቃለች። መልሺው ቢላትስ ምን ትመልሳለች? ቀልጧል። እሱ ሳሉ ሲነሣበት ውኃ ልታመጣ ተነሣች፤ ውኃውን ስትቀዳ ግማሹን በእጇ ላይ አፈሰሰችው። እሱ ጠጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ቀኝ እጁንም ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተው።

ጠዋት ወርቅ ሠሪው በሩን ሲከፍት ቆማ አገኛት።

"ገና ነው ልጄ፣ ቀጠሮሽ አልደረሰም። ወርቅ እንደ ሻይ አይጣደፍም።"

"አባባ፣ ጥዬው የሄድኩ መስሎታል።"

"ማነው?"

"ባሌ። ጣቴን አየና... በቁሙ ተሰናበተኝ።"

ሽማግሌው የምትለው ሁሉ አልገባው ይሆናል። ብቻ የሌላ ሰው የጆሮ ጌጥ ከፊቱ ገፋ አደረገና እሳቱን ለኮሰ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሲሞርድ፣ ክብ ሲያደርግ፣ ሲወለውል አየች። ሁለቱን ሲሰጣት የእሷ ልክክ አለ። ቀጭን ነው፣ ክር ያህላል፤ ግን ወርቅ ነው።

ቤት ስትገባ ነጩ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። አልጋው ላይ ተቀመጠችና እጇን በፊቱ ዘረጋች።

"እየው። አላወለቅኩም፤ ለሁለት አስከፈልኩት እንጂ። ግማሹ ይኸው፣ ያንተ ነው። አላደርግም ብትለኝ እዚሁ እቀመጣለሁ፣ ምሳም የለህም።"

ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ያ የተደበቀው እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ። ቀለበቱን አጠለቀችለት፤ እጁን ቀና ሲያደርግ ቀለበቱ ተንሸራቶ መጋጠሚያውን አልፎ ወረደና ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ።

ሁለቱም አዩት።

"ክሩን... እኔ እኮ ነኝ በእጄ የለካሁት!" አለች። ያኔ ትዝ አላት። ስትለካ እጇ በልማዱ ትርፍ ጨምሯል። ጨርቅ ስትቆርጥ ለስፌቱ የምትተወውን፣ ባለቤቱ ሲወፍር ተፈትቶ የሚሰፋውን ትርፍ። ዕድሜ ልኳን ያለ ትርፍ ቆርጣ አታውቅም። የባሏን ጣትም እንደ ሱሪ ለካችው።

ነጩ ሳቅ ጀመረው። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አይ አንቺ ሴት! ስወፍር እንድታሰፊው ነዋ!"

"መልሼ ላስጠብበው፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ—"

"የት ልትወስጂው? አይወጣም ከዚህ ቤት። ሌላ ሰው ያጠብባል አንቺ እያለሽ?"

ቢጫ ክር መርጣ ከቀለበቱ ሥር፣ ከመዳፉ በኩል በሚውለው ጎን፣ ጥቅጥቅ አድርጋ ጠመጠመችበት። በጥርሷ በጠሰችው። ያዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠያቂ ሲመጣ በግራ እጁ ሰላም ማለት ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ፣ "ከሌላ ተጋባህ እንዴ?" ሲለው፣ "ከዚያችው ነው፤ ዘንድሮ በቅናሽ ሰጡኝ" አለው።

አልወፈረም። ጥቂት ቆይቶ ቀለበቱ እንደገና መንሸራተት ጀመረ፤ እሷም በቢጫው ላይ ክር ደረበች። ቢጫው አልቆ ስለነበር በእጇ ላይ ባለው ሰማያዊ ጠመጠመችው፤ የተማሪ ልብስ እየሰፋች ነበር። ከሰማያዊው በላይ የነርሶች ጋውን ነጭ መጣ። ከነጩ በላይ ቡናማ። በደረበች ቁጥር እጁን ይዘረጋላታል፤ ጣቱ ላይ እያለ ነው የምትጠመጥመው፣ አያስወልቃትም። "ጎበዝ፣ አታጥብቂው፤ ትርፍ ተይለት" ይላታል። ትተዋለች።

ነጩ ያረፈው ጠዋት ላይ ነው፣ ሁልጊዜ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት። ቀለበቱን ከጣቱ አውጥታ ያመጣችላት እትዬ ናት። መዳፏ ላይ አኖረችላትና ከጎኗ ተቀመጠች። ክሩ ከመወፈሩ የተነሣ ወርቁ የሚታየው ከላይ ብቻ ነው።

"ልፍታልሽ? ክሩን ብናነሣው ለአንቺ ለአውራ ጣትሽ ይሆናል" አለች እትዬ፤ ያን ያህል ረጋ ብላ ስትናገር ሰምታት አታውቅም።

"አይፈታም እትዬ። ይቅር።"

አሁን ቀለበቱ ማሽኑ ላይ ነው፣ የክር ጥቅል የሚሰካበት ዘንግ ላይ፣ ከጥቅሉ ሥር። ማሽኑ ሲሮጥ ይንቀጠቀጣል። ደንበኞች፣ "ትርፍ አታብዢበት፣ ጨርቁ ይባክናል" ይሏታል። እሺ ትላለች፤ ትርፉን ግን እንደ ልማዷ ትተዋለች።

ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ኮቴ ስትሰማ ቀና ሳትል አፏ ይከፈታል፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ነው፣ ቁልፍ ላስተክል ብሎ። ሳትነግረው ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ ልብሱ ላይ የቀረውን የሰው ፀጉር በደንብ አራግፎ ነው የሚገባው።