መብራት የማይጠፋለት አባት

ቶያ ምዋሪንጋ ጠዋት ከኮኮናት ዛፍ ሲወርድ መጀመሪያ ወደ ቤቱ አይገባም። ከካሳቫው ማሳ ጥግ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቅ ያለ ጉቶ አለ። ከዛፉ ያወረደውን የኮኮናት ጠጅ፣ ምናዚውን፣ ማንም ሳይቀምሰው እዚያ ላይ ያፈሳል። ደንበኞቹ የሚጠጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይህን ሥራ ከጀመረ አርባ አልፎታል።

ጉቶው የአባቱ ኪጋንጎ ቅሪት ነው። በዚህ የባሕር ዳርቻ የምንኖር እኛ ጊሪያማዎች ለተከበረ ሟች ሰው የሚያህል እንጨት ጠርበን እናቆማለን። አንዴ ከተተከለ አይነካም። ቤተሰቡ መንደር ቢቀይር እንኳ እሱ እዚያው ይቀራል።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የቶያ ታላቅ ወንድም ካሪሳ ጌታን ተቀበለ። ከባሕር ማዶ የመጣው ሰባኪ ድንኳን ተክሎ በድምፅ ማጉያ “ጣዖቶቻችሁን ለእሳት አምጡ” ይል ነበር። ካሪሳ የአባታቸውን ኪጋንጎ እሑድ ሊያመጣ ቃል ገባ። ቅዳሜ ቶያ እንጨቱን በመጋዝ ከመሬቱ ላይ ቆረጠው፤ በጆንያ ጠቅልሎም ለቱሪስት ዕቃ ለሚገዛ ነጋዴ ሰጠው። በለውጡ ራዲዮ ተቀበለ። ለካሪሳ “ሌቦች ወሰዱት” አለው።

ከእሳት አተረፍኩት ብሎ ራሱን አሳመነ። አባቱ ግን አላመነም። በሕልሙ እየመጣ በሩ ላይ ይቆማል። ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለውም። “የት ልረፍ?” ይለዋል። ራዲዮው በሰባተኛው ወር ተበላሸ። ሕልሙ ቀጠለ።

ባለፈው ሰኔ አውሮፓ ውስጥ ነርስ የሆነችው የካሪሳ ልጅ ሲዲ ከአንድ ሙዚየም ፎቶ ላከች። ቶያ በልጅነቱ በቆንጨራ የሸረፈው የእንጨቱ ቀኝ ትከሻ እዚያው ነበር። አባቱ መስታወት ውስጥ በብረት ዘንግ ላይ ቆሟል። ሙዚየሙ እመልሳለሁ ብሏል፤ የቤተሰቡ መሆኑ ከተረጋገጠ። ለማመሳከሪያ ከጉቶው ስስ ቁራጭ ይላክልን አሉ።

ካሪሳ መጋዝ ይዞ መጣ። አሁን እሱ ራሱ ፓስተር ነው።

“ጣት የምታህል ናት” አለ። “አያመውም።”

“ፓስተር፣ አንተ እኮ እንጨት ነው ብለህ ነበር።”

“እንጨት ነው። ግን ሰው ትኬት ቆርጦ አባቴን እንዲያየው አልፈልግም።”

“ምእመኖችህ ምን ይሉሃል?”

“ግማሾቹ ተደብቀው ምናዚ ሲያፈሱ አይቻለሁ።”

“ሌሎቹ ደግሞ ተደብቀው ይጠጡታል። ከኔ ነው የሚገዙት።”

ካሪሳ ሳቀ። ቶያ አልሳቀም።

“ካሪሳ፣ ሌባ አልነበረም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ። የትኛው ሌባ ነው ሰርቆ ሲያበቃ መጋዙን እኛ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው? ብናኙ እንኳ አልተጠረገም ነበር።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልክ?”

“ክብሪቱን ከእጄ ወስደህልኛል። ምን ልበልህ?”

መጋዙን ዘረጋለት። ቶያ አልተቀበለውም። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ጉቶው ላይ አሳረፈ፤ የጠዋቱ ምናዚ ገና አልደረቀም።

“አንዴ ቆርጬዋለሁ” አለ። “አልደግመውም። አንተም አትነካውም።”

“እንግዲያው አይመጣም።”

“እዚህ ያለው ይኸው ነው። ይህንንም ቆራርጬ ልላክላቸው?”

ካሪሳ መጋዙን በብብቱ ያዘ። የጉቶውን ፎቶ አንስቶ ላከ። ሙዚየሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፎቶ አይበቃም ብሎ መለሰ።

ሲዲ ከሙዚየሙ ደወለች። “አባባ ቶያ፣ ከአያቴ ፊት ቆሜያለሁ። የምነግርልህ ነገር አለ?”

ቶያ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። “ማታ መብራቱን ያጠፉለታል?”

ዘበኛውን ስትጠይቅ ተሰማው።

“አያጠፉም፣ አባባ። ለካሜራው ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል አለኝ።”

ከዚያ ቀን ወዲህ ቶያ ምናዚውን አፍስሶ ሲያበቃ ጉቶውን በተሸመነ የኮኮናት ቅጠል ይሸፍነዋል። ሕልሙ ቀርቶለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

“ይመጣል” አለኝ። “ግን የት ልረፍ አይልም። ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ ይቆማል።”