ከድሬሰሩ መስኮት በታች

እናቴ ኩሩ ናት ተብላ መታማት የጀመረችው እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ሰው ከኋላዋ ሰላም ሲላት ዝም ብላ ትሄድ ነበር። «ፋብሪካ ገባሁ ብላ ተነፋች» አሉ ጎረቤቶች። እኔም መጀመሪያ አመንኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ከኋላችን ጋሪ መጣ። ባለጋሪው በአማርኛም በኦሮምኛም ጮኸ። እኔ ወደ ዳር ዘልዬ «እማዬ!» አልኩ። ደግሜ ጠራኋት። በሦስተኛው ፈረሱ ነጠላዋን ታክኮ አለፈ። እናቴ ዞር ስትል ያየችው ጋሪውን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር፤ እሱን አይታ ደነገጠች።

ከዚያ በኋላ እፈትናት ጀመር። ከጀርባዋ ቆሜ የድስት ክዳን እጥላለሁ፣ ቀስ ብዬ እጠራታለሁ። ክዳኑን ትሰማለች፤ ድምፄን ግን አንዳንዴ ብቻ። ሰፈሩን ሁሉ ከመኝታው የሚያስነሳውን የጠዋቱን የፋብሪካ ጡሩምባ እንኳ «ነፋ እንዴ?» እያለች እኔን መጠየቅ አመጣች። እንዳትዘገይ ስለምፈራ ከእሷ ቀድሜ መንቃት ልማዴ ሆነ።

የጆሮዋን ድካም ከየት እንዳመጣችው ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገኝም። ምሳዋን ቋጥሬ የማደርስላት እኔ ነበርኩ። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ፤ ሁላችንም በኦሮምኛ አክብረን «ኦቦ» ነበር የምንላቸው። «አካም ኦልተን፣ ኦቦ?» ብዬ እንዴት ዋሉ ስላቸው «ነጋ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደህና ነኝ ልጄ። ግቢ፤ ደጃፉን እንዳታልፊ ብቻ» ብለው እስከ ሽመና ክፍሉ ያሳልፉኛል። በሩ ሲከፈት ኳኳታው ደረቴን ይመታኛል። የሽመና መኪናዎቹ መወርወሪያቸውን ባንድ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲወረውሩ ወለሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። እዚያ ውስጥ በድምፅ የሚያወራ የለም። ሴቶቹ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ቃሉን ጎተት አድርገው፣ በከንፈር ብቻ ያወራሉ፤ ሲያስፈልግ በጣት ያግዙታል። አንዷ ከዚህ ጫፍ፣ አንዷ ከዚያ ጫፍ ሆነው አለቃቸውን ያሙታል፣ ይሳሳቃሉ። እናቴ ይህን ወግ ቤት ይዛው መጥታ ለእኔም አስተምራኝ ስለነበር ቅዳሴ ላይ ቆመን ሳይቀር እናወራበት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጆሮዋ መድከሙን ማን ይወቅባት? ከሁሉም የምትቀልደው እሷ ነበረች።

ጉድ የፈላው በቧንቧው ወረፋ ላይ ነው። «ድሬሰሩ የሸማኔዎቹን ጆሮ ሊመረምር ነው» አለች አንዷ፤ ቁስል የሚያጥበውንና መርፌ የሚወጋውን የፋብሪካውን የክሊኒክ ሠራተኛ ማለቷ ነበር። «ያልሰማች ትባረራለች። መኪናዋ ሲበላሽ ካልሰማች ምን ልትሠራ?» እንስራዬ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ አላየሁም። አባቴ ሞቷል። እናቴ ከሥራ ከወጣች የሚቀረን ገጠር ያለው አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ ደግሞ ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልታመጣ የሚል ሰው ነበር። ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። «እወድቃለሁ» አለችኝ በከንፈሯ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

የምርመራው ቀን ምሳውን ይዤ ስደርስ ሸማኔዎቹ በሩ አጠገብ ካለችው ክሊኒክ ደጅ ተሰልፈዋል። ዞሬ ከክሊኒኩ መስኮት ሥር ተለጠፍኩ። ኦቦ አዩኝ። ልባቸው ምን እንዳላቸው አላውቅም፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ተመርማሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ድሬሰሩ ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ቀስ ብሎ ቁጥር ይናገራል፣ እሷ ትደግማለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

ከእናቴ በፊት የገባችው አጠገቧ ያለውን መኪና የምታሠራው ጓደኛዋ ናት። «አርባ ሁለት» አለ። አልደገመችም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ሲንከራተት እኔን አገኘኝ። በከንፈሬ ልነግራት እችል ነበር። ግን እሷን ስረዳ ብያዝ እናቴን ማን ይረዳታል? አንገቴን ቀበርኩ። እያለቀሰች ወጣች፤ ያን ለቅሶ እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

እናቴ ገባች። እንደገና ቀና አልኩ፤ ስታየኝ ፊቷ ጨው መሰለ። «ሃያ አምስት» አለ ድሬሰሩ። እኔም በከንፈሬ አልኩ። ደገመችው። «ሰባ»፤ ደገመችው። «ሠላሳ» ሲል እኔም ሠላሳ አልኩ፤ እሷ ግን «ስድሳ!» አለች። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «ምን አልሽ?» አለ ድሬሰሩ፣ ያንኑ ቁጥር ደግሞ ጠራ። ሦስት ጣቴን አወጣሁ። «ሠላሳ» አለች። ድሬሰሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ደህና ነሽ፣ ሂጂ» አላት።

ከሰዓት በኋላ ምሳዋን አብረን በላን፤ እሷ እየሳቀች። «ጆሮዬ አንቺ ነሽ» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ምሳ ሳደርስ ምርመራውን የወደቀችውን ጓደኛዋን ግቢው ውስጥ አየኋት። አልተባረረችም። የወደቁትን ሁሉ ወደ ጨርቅ ማጠፊያው ክፍል አዛውረዋቸው ኖሯል። ሰፊ መስኮት ያለው፣ ሴቶች በድምፃቸው እያወሩ ተቀምጠው የሚያጥፉበት፣ ከውጭ ወፍ የሚሰማበት ክፍል ነው። እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት፤ «አልሰማም በያቸው! ዛሬውኑ ንገሪያቸው!» ብዬ አለቀስኩ።

«አሁን ምን ብዬ?» አለች። «አታላይ ብለው ያኔ ነው የሚያባርሩኝ።» ከዚያ ጡሩምባው ነፋ። እሷ አልሰማችም፤ በእጄ ጠቆምኳት፣ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

እዚያው ኳኳታ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራች። እኔ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ። የቀረቻት የመስማት አቅምም በየዓመቱ እየተሸረፈች ሄዳ አለቀች። ጓደኛዋ አርጅታም በስልክ ከልጆቿ ጋር ስታወጋ ሰምቻታለሁ፤ ንዴቴ በማን ላይ እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም።

እናቴ ዛሬም ከንፈሬን እያየች ታወራኛለች። አንድ ጊዜም ወቅሳኝ አታውቅም። ባለፈው ፋሲካ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ጉሮሮዬን በጣቷ ነካ አደረገችና «ድምፅሽ አሁንም እንደዚያው ቀጭን ነው?» አለችኝ። ድምፄ ከጎረነነ ስንት ዘመኑ ነው።

«አዎ እማዬ፣ እንደዚያው ነው» አልኳት በከንፈሬ።