የምነግራት ሴት ፍለጋ

ዛሬ አሰላ ውስጥ ሰው ልቡ ሲጨነቅ የሚሄድበት ቢሮ አለ ይባላል። ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ ለዚያም የተማረ ሰው አለ። የልጅ ልጄ፣ ሴት አማካሪ እንዳለች በስልክ ስትጠይቅ ሰማሁና ለምን ሴት እንደፈለገች አልጠየቅኋትም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እኔም በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ በዚያው ከተማ አንዲት ሴት ፈልጌ ነበር።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬ፣ ለአንድ የመንግሥት ጸሐፊ ተድሬ፣ ወደ ተወለድኩበት ከተማ ተመልሻለሁ። እናቴ በሕይወት የለችም። በጥር መጨረሻ ሴት ልጅ ወለድኩ። ወሊዱ ደኅና ነበር። ሰማንያው ቀን ሲደርስ ልጅቷ ክርስትና ተነሣች፤ ዘመድ በላ፣ ጠጣ፣ መርቆ ተበተነ። በማግሥቱ እኔም እንደ ማንኛዋም የቤት እመቤት ሥራዬን ያዝኩ።

ፍርሃቱ የጀመረኝ በዚያው ሳምንት ነው። ባለቤቴ ወደ ሥራ፣ ሠራተኛችን ወደ ውሃ ሲሄዱና ቤቱ ጭር ሲል፣ ልጄን በገዛ እጄ እጎዳታለሁ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ጠልቻት አልነበረም። ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላዋ ከቁም ሣጥኑ ላይ፣ ወንበር ላይ ካልቆምኩ በማልደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። ገላዋን ማጠብ ለሠራተኛዋ ተውኩላት። ጡት አጠባትና ወዲያው አስተኛታለሁ። ልጅቷ ከሳች። ሠራተኛዋ ለሰው አወራች መሰለኝ፣ ወሬው ጢቾ ከሚኖሩት አማቴ፣ ከባለቤቴ እናት ዘንድ ደረሰ። ሰኔ ሳይገባ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው፣ መጥተው ልጅቷን እንደሚወስዷት ላኩብኝ። እዚያ የምታጠባ ሌላ ምራት ነበረቻቸው። ባለቤቴ ለእኔም ለሕፃኗም ይበጃል አለ። ከሄደች ግን እንደማትመለስልኝ ገባኝ። እንዲያ ሄደው አያታቸውን እናቴ እያሉ ያደጉ ልጆች በቤተሰቡ ውስጥ ነበሩ።

መናገር እንዳለብኝ አወቅሁ፤ ለማን እንደምናገር ነው የቸገረኝ። የነፍስ አባቴ የባለቤቴ ቤተሰብም የነፍስ አባት ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። ቤት ሲመጡ ልነግራቸው ተነሥቼ፣ ፊታቸውን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ ብቻ አልኳቸው። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾምም ስግደትም የለም፤ ዳዊት እንድደግም አዘዙኝ። ደገምኩ። እንቅልፍ ማጣቱ ላይ ዳዊቱ ተጨመረበት እንጂ ሌላ ለውጥ አላየሁም። የክሊኒኩ ድሬሰር ከባለቤቴ ጋር ማታ ማታ ዳማ የሚጫወት ሰው ነው። የደም ማነስ ነው ብሎ ቀይ ክኒን ሰጠኝ። አክስቶቼ አንድ ነገር ሲሰሙ ለሌላው ሳያካፍሉ አያድሩም። በአዳሪ ትምህርት ቤቱ አንዲት የቤት ኃላፊ ነበረች፤ ሴት ልጅ ስታለቅስ ክፍሏ አስገብታ በሩን ትዘጋና ዝም ብላ ታዳምጣለች። እንደ እሷ ያለች፣ ዘመድ ያልሆነች፣ ሰምታ የማታወራ ሴት በአሰላ ትኖር እንደሆን ማሰብ ጀመርኩ።

ያገኘችልኝ ጎረቤቴ ናት። የጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ እስላም፣ የአገሩ ተወላጅ ናት፤ ኦሮምኛና አማርኛ ከአንድ አፍ ይወጡላታል። በአጥር በኩል ፊቴን አየችና ምን ሆነሻል አለችኝ። የምነግራት ሴት እፈልጋለሁ አልኳት፤ አንቺን ግን አይደለም።

«እኔማ ወሬኛ ነኝ፣ አውቃለሁ» አለች ምንም ሳይከፋት። «ቄሶቻችሁ ሴቶች ቢሆኑ ኖሮ ይኼን ጊዜ አንቺም አትቸገሪም፣ እኔም ክርስቲያን ሆኜ ነበር።»

ከከተማው ውጭ፣ ወደ ጭላሎ በሚወጣው በኩል፣ የአካባቢው ሴቶች ሁሉ የሚሄዱባቸው አሮጊት እንዳሉ ነገረችኝ። የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ባል ከልክ ያለፈ በደል ሲፈጽም ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድ ላይ ይወጣሉ፤ ነገሩ በዕርቅ ሳያልቅ ወደ ቤታቸው አይገቡም። አሮጊቷ ሲንቄ ይዘው የሚወጡትን ሴቶች የሚመሩ ነበሩ። ሰው ሁሉ አዮ ይላቸዋል፤ እናት እንደ ማለት ነው።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ጠዋት፣ ልጄን ጎረቤቴ አዝላልኝ፣ ለገብስ በታረሰው ማሳ መካከል አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ከመግባታችን በፊት ጎረቤቴ ከመንገድ ዳር እርጥብ ሣር ነጭታ በእጄ አስያዘችኝ፤ ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባም አለች። አዮ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ሣሩን አዩና ሲንቄያቸው ወደ ተሰቀለበት ግድግዳ ዘወር አሉ።

«መታሽ?» አሉኝ።

አልመታኝም አልኩ። ጎረቤቴ ጣልቃ ገባች። «የእሷ ባል? አዮ፣ የእሷ ባል ዝንብ እንኳ የሚያባርረው በማመልከቻ ነው።»

አዮ አልሳቁም። ሲንቄውን ይዘው ለመነሣት ተዘጋጅተው ሳለ የተዉት መሰሉኝ። ከዚያ ጎረቤቴን ልጅቷን እንደያዘች ከውጭ እንድትቆይ አዘዟት። እኔ ከሌለሁ ሁለት ዲዳዎች ናችሁ ብላ እያጉረመረመች ወጣች።

እውነቷን ነበር። የእኔ ኦሮምኛ ቅቤና እንቁላል ለመግዛት የሚበቃ ነው። የእርሳቸውም አማርኛ ከዚያ አያልፍም። በትምህርት ቤት የተማርኩት ቃል ሁሉ የማይጠቅመኝ ሆነ። ነገሩን ለማሳመር ወይም ለመሸፈን የሚሆን ቋንቋ ስላልነበረኝ እንዳለ ወጣ።

«ልጄን እፈራለሁ» አልኩ። «እጄን እፈራለሁ።» እጆቼንም አሳየኋቸው።

አዮ እጆቼን ያዙና ጭናቸው ላይ አሳረፏቸው። ከወለድሽ ስንት ወርሽ ነው አሉ። አራተኛዬን ይዣለሁ አልኩ። አብራሽ የምትውለው ማናት አሉ። ልጅቷ ክርስትና ስለተነሣች የአራስ ጠያቂው ቀርቷል፣ እኔም ሥራ ጀምሬአለሁ ብዬ እንደምንም አስረዳሁ።

«ልጅቷን ቤተ ክርስቲያን ወሰዷት። አንቺን ሥራ ጀምሪ ያለሽ ማነው?»

ማንም አላለኝም። እንደዚያ ስለሚደረግ ነው ያደረግሁት። በእነርሱ ዘንድ የወለደች ሴት ቀነፋ የሚባል ምልክት ግንባሯ ላይ ታስራ ወራት ትቆያለች። እሱ እስካለ ድረስ ማንም ክፉ አይናገራትም፤ ብቻዋንም አትተውም። አዮ ጣታቸውን ባዶው ግንባሬ ላይ አሳረፉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛ ልጃቸውን በወለዱ ጊዜ እርሳቸውም ሕፃኑን ይዘው እሳት አጠገብ መቀመጥ እንደፈሩ፣ የባላቸው እናት ወራት ሙሉ ከጎናቸው እንዳልተለዩ በእጅ ምልክትና በተሰባበረ ቃል ነገሩኝ።

ሰይጣን ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ እንጃ። ስሙን አላውቀውም። ይሄዳል።»

በጮጮ፣ በጭስ በታጠነ የወተት ዕቃ፣ ወተት ሰጡኝ። ጥቂት ጠጣሁና አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። በመጨረሻ ምን ላድርግ አልኳቸው።

«ወተቱን ጨርሺ። በሳምንቱ ነይ። ለምትቀርብሽም ሴት ይኼንኑ ንገሪያት፣ አብራሽ እንድትውል።»

ከዚያ ሌላ ምንም አልነበረም። መንገድ ላይ ሳስበው ከበደኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ሰው የልቡን ሲናገር ቀኖና እንደሚሰጠው ነው። ቀኖና የሌለው ንግግር ያልተቆጠረ መሰለኝ። ስለዚህ ራሴው ሰጠሁት፤ አልጋዬን ትቼ ሳምንቱን መሬት ላይ፣ በአንድ ቁርበት ተኛሁ። ለባለቤቴ ወገቤን አሞኝ ነው አልኩት። የአሰላን ብርድ የሚያውቅ የሆነውን ይገምታል።

በሳምንቱ እያሳልኩ ስደርስ አዮ ምን ሆንሽ አሉ። ነገርኳቸው። ጎረቤቴ ስትተረጉም ሳቋን መያዝ አቃታት፤ አዮ ግን ተቆጡ። ያን ቀን ብቻ ነው ሲቆጡ ያየኋቸው።

«ማን መሬት ተኚ አለሽ? ያለቀሰ ልጅ ይመታል እንዴ?»

እሳቱ ዳር ቁርበት አስነጥፈው አስተኙኝ። እስከ ቀትር ተኛሁ። ስነሣ ልጄ ከጎኔ ናት፤ አዮ ከወዲያ ማዶ ተቀምጠው ጮጮ ያጥናሉ። ሰው አጠገቤ ሲኖር ፍርሃቱ እንደማይመጣ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። በሦስተኛው ሳምንትም ሄድኩ። ያንኑ ተናገርኩ፤ ያንኑ ወተት ጠጣሁ። ስወጣ ለቅርብሽ ሴት ነገርሻት ወይ አሉኝ። አልነገርኳትም አልኩ። ለምን ብለው ግን አልጠየቁኝም።

አማቴ በግንቦት መጨረሻ በበቅሎ መጡ። ብዙ የማይናገሩ፣ ሥራ የሚወዱ ሴት ናቸው። አድረው በማግሥቱ ጠዋት የልጅቷን ጨርቆች ሲጠቀልሉ፣ በቅሎ ጎታቹ ሰውዬ ከደጅ ሲጭን፣ ከፊታቸው ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ወደ ሥራ ሄዷል። ዝም ብል ኖሮ ሁሉም በሰላም ያልቅ ነበር። እኔም አርፍ ነበር፤ ይህንንም አልክድም።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ልጄን የማልይዛት ጠልቻት አይደለም። ብቻዬን ስሆን እጎዳታለሁ ብዬ ስለምፈራ ነው። ሰው አጠገቤ ካለ እችላለሁ።»

ጨርቁን መጠቅለላቸውን አላቆሙም። እስከ ዳር ጠቀለሉትና ያዙት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክርስትናዋ ወዲህ።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?»

ወደ ደጅ ወጡና ሰውዬውን ጭነቱን አራግፍ አሉት። ያለ እርሳቸው ወደ ጢቾ እንዲመለስ፣ ክረምቱን አሰላ እንደሚከርሙ እንዲናገር አዘዙት። ተመልሰው ገቡና ጨርቆቹን ከጥቅሉ እየፈቱ ወደ ሣጥኑ መመለስ ጀመሩ።

«ለልጄ አትንገሪው» አሉኝ። «ወንድ ይኼን ሲሰማ መላ አመጣለሁ ብሎ ያባብሰዋል። እኔ ጉልበቴን ታምሜ ነው የቀረሁት።»

ክረምቱን ሙሉ አብረውኝ ዋሉ። እኔ ልጄን ሳጥብ እርሳቸው አጠገቤ ጥጥ ይፈትላሉ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሡም። ባለቤቴ ከድሬሰሩ ለእናቱ ጉልበት የሚቀባ መድኃኒት አመጣ፤ እርሳቸውም ማታ ማታ ደኅና ጉልበታቸውን በትዕግሥት ያሹ ነበር። ፍርሃቱ በየትኛው ቀን እንደተወኝ አላውቅም። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ፣ ልጄን ብቻዬን አጥቤ፣ አልብሼ ቆየኋቸው። አዩን፤ ነጠላቸውን አጥፈው አስቀመጡና ፈትላቸውን አነሡ።

መስቀል ካለፈ በኋላ በቅሎው መጣላቸው። ባለቤቴ መድኃኒቱ ጉልበታቸውን እንዳዳነው ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ አውርቶ ነበርና፣ ሲነሡ ጠርሙሱን ለመንገድ አስያዛቸው። እርሳቸው አመስግነው ተቀበሉት። ልጅቷን አቅፌ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው፤ ባለቤቴ ከዚያው ወደ ቢሮው ሄደ፣ እኔና ልጄም ወደ ቤት ገባን።