ጎረምሳን ሕፃን ያደረገ መጫወቻ

የትምወርቅን የሚያውቅ ሁሉ ምላሷን ያውቃል። ከሞላሌ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ቀበሌያችን፣ እንዝርቷን እያሾረች የበግ ፀጉር ሳትፈትል የምትሄድበት መንገድ፣ ሳትተርበውም የምታልፈው ሰው አልነበረም። የእሷን ፈትል ያገኘ ሸማኔ የሚሠራው ባና፣ የፀጉር ብርድ ልብሱ፣ ሳያልቅ ገዢ ያገኛል ይባል ስለነበር፣ ገበያ ስትወርድ ገና ከሩቅ ይሻሟታል። ምላሷን ግን የሚሻማ አልነበረም።

ባሏ ገብረ አማኑኤል በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከሚሊሺያው ጋር ዘመተ። ያን ጊዜ ስሙን የጠራው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አምባዬ ነው። "አይዞሽ፣ ለመስቀል ይደርሳል" አላት። መስቀል መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞም መጣ፤ ገብረ አማኑኤል ግን አልመጣም። አምባዬ የትኛውን መስቀል ማለቱ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረንም።

የቀረላት እምሩ የሚባል አንድ ልጅ ነው። እምሩ ጥሩ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ረጅም ነው። በዚያ ዘመን ረጅም መሆን ከሌብነት የከፋ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና የሚወስደው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ነው ይላል አዋጁ። ታዲያ በእኛ አገር የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ ማን አለ? አንዱ የተወለደው በአንበጣው ዓመት ነው፤ ሌላው በሬው ገደል የገባ ጊዜ። ስለዚህ ዕድሜ ማለት መልማይ ኮሚቴው ከእግር እስከ ራስ ዓይቶህ የሚናገረው ነገር ነው። "ደርሷል" ካለ ደረስህ። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ደግሞ "ከጥምቀት በኋላ አዲስ ጥሪ አለ" የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ የትምወርቅ ልጇን ባየች ቁጥር የምታየው ቁመቱን ሆነ። "ጎንበስ በል" ትለዋለች፤ ይጎነበሳል፤ ጎንበስ ብሎም ከአምባዬ ይበልጣል።

በኅዳር ወንድሟ ኪዳነ ወልድ ሊጠይቃት መጣ። አሰብ ድረስ የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ለእምሩም ከመርከበኞች የገዛውን መጫወቻ ይዞለት መጣ። ዕቃው ከሲጋራ ፓኮ አይበልጥም፤ መስታወት አለው፤ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰውዬ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ከላይ ትናንሽ ሰዎች ይወርዳሉ። ቁልፉን ሲጫኑት ሰውዬው ይተኩሳል፤ የተመታው ይጠፋና ዕቃው "ጢጥ" ይላል። ሳይመታ ያመለጠ ከበዛ ራሱ ባለ ጠመንጃው ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ዕቃው ረዘም አድርጎ ያለቅሳል። ከዚያ ቁልፉን ሲነኩት ሰውዬው ይነሣል። እንዲህ ያለ ጦርነት እኛ አናውቅም።

ከዚያ ወዲያ የቀበሌው ጎረምሳ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተራ ያዥ ሆነ። ከብት እህል ውስጥ ገባ፤ ዜማ የሚማሩት ልጆች እንኳ ድጓቸውን ጥለው ወጡ።

በዚህ መሀል ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። የትምወርቅ ራሷ አምባዬ ዘንድ ሄዳ የገዛ ልጇን መጫወቻ ከሰሰች። "ጓድ ሊቀመንበር" አለችው፣ በሕይወቷ ተናግራው በማታውቀው ትሕትና፣ "ይህ ነገር መግደል እያስተማረ ነው። ለልጆች ይገባል አይገባም፣ እርስዎ መርምረው ይፍረዱ።" ጎረቤቶቿ ተያየን። ሴትዮዋ አብዳለች አልን። አምባዬ ግን ፍርድ የሚወድ ሰው ነበር፤ የሚፈርድበት ነገር ሲያጣ የዶሮ ጠብ የሚዳኝ ሰው። እርስዎ ተብሎ ደግሞ እንዴት እንቢ ይላል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። "ኢትዮጵያ ትቅደም!" ተባለ፤ ክንዳችንን አነሣን፤ አወረድን። አምባዬ ዕቃውን ተቀብሎ "አንድን ነገር ሳይመረምሩ መፍረድ የአድኃሪ ጠባይ ነው" አለና ምርመራውን ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፉ ጠፋው። ቀጥሎ ጠመንጃው ተኮሰለት። ከዚያ ምላሱ በከንፈሩ ጠርዝ ወጣ፤ ትከሻው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። "ሞትሁ!" ብሎ ሲጮኽ ሚስቱ በዛወርቅ ደንግጣ ከተቀመጠችበት ተነሣች። "ገና አልመረመርሁም" እያለ ደጋግሞ ሞተ።

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ የድጓ መምህራችን፣ በሽማግሌነት አጠገቡ ተቀምጠዋል። መጠበቅ ሰለቻቸው።

"ለመሆኑ እነዚህ የሚገደሉት ምን አጥፍተው ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ከላይ ስለ መጡ ነው፣ መሪጌታ።"

"ከላይ የመጣ ሁሉ ይገደላል?"

ሕዝቡ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አምባዬም ጥያቄው አጀንዳ አይደለም አለ።

"ይሁን" አሉ መሪጌታ። "ባለፈው ገና የእኔን ደቀ መዝሙር ሁለት ጥርስ ያወለቀችው የጨዋታዋ ኳስ፣ ሩር፣ አልተከሰሰችም። ይቺ ምን አወለቀች?"

"እሱማ ባህል ነው" አለ አምባዬ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ይሄ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው።" ከዚያም ቆሞ ፈረደ። መጫወቻው ነፍስ ማጥፋትን ስለሚያለማምድ ለሕፃናት ፈጽሞ አይገባም፤ ለጥናት እሱ ዘንድ ይቆያል።

የትምወርቅ እንዝርቷን አቁማ ተነሣች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ላለማወቄ ነው፤ ሕፃን የሚባለው እስከ ስንት ነው?"

"አሥራ ስምንት ያልሞላው ነዋ!"

"እንግዲያ የኔ እምሩስ? ቁመቱ እንደሚያዩት ነው።"

"ቁመት ምን ያደርጋል? ባሕር ዛፍም ይረዝማል!" አለ አምባዬ። ሕዝቡ ሲስቅለት ባሰበት። "እምሩ እንኳን ጠመንጃ ጅራፍ በቅጡ የማያጮኽ ሕፃን ነው። በዚህ መርዝ የተበከላችሁ ሕፃናት ሁሉ ተነሡ!"

ይህን ያለው ለበላይ አካል ለሚልከው ሪፖርት ነው፤ የዳነው ሕፃን በበዛ ቁጥር አዳኙ ይከበራል። ጢም ያቀመቀሙ ጎረምሶች አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ቆሙ፤ አምባዬም በየስማቸው ሕፃን ናቸው አለ። የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ የገዛ ልጁ ወዳጆ። ያ ልጅ ከሁሉ የበለጠ እንደ ተጫወተ የማያውቅ የለም፤ የእምሩን ተራ እየነጠቀ ጭምር። አባቱ ግን "የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በእጁ አይነካም። ወዳጆ ጎልማሳ ነው!" ብሎ ደረቱን ነፋ። አጨበጨብን። ማጨብጨብ ነፃ ነበር።

ጥምቀት አለፈና ጥሪው መጣ። ካኪ የለበሰ ካድሬ ከታጣቂዎቹ ጋር በላንድሮቨር ደርሶ፣ ጎረምሶቹን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ አሰለፋቸው። ከቀበሌያችን የሚፈልገው አምስት ነው። ዓይኑ ቀድሞ ያረፈው፣ እንደ ተፈራው፣ እምሩ ላይ ነው። "አንተ ረጅሙ፣ ውጣ።"

የትምወርቅ ከሴቶቹ መሀል ወጣች።

"ጓድ፣ ይሄ ልጅ ሕፃን ነው። በሕዝብ ፊት የተፈረደለት ሕፃን ነው። በመስታወት ውስጥ ያለ ሰው እንዳይገድል ተከልክሏል። ሥጋ ለባሹን እንዴት ይገድላል?"

ካድሬው ወደ አምባዬ ዞረ። አምባዬ ምን ይበል? "ሕፃናትን ከባዕድ መርዝ ያዳነ ሊቀመንበር" ተብሎ በስብሰባ የተመሰገነው በዚያ ፍርድ ነው፤ ያመሰገነውም ይኸው ካድሬ ነው። ፍርዱ ስሕተት ነው ቢል ሁለቱም ሊዋረዱ ነው። ካድሬው ይህን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም፤ ፊቱ ቀላ። "ይመለስ" አለ።

አንዴ የተከፈተ በር አይዘጋም። "የኔም ተበክሏል!" አለች አንዷ እናት። "የኔማ ሁለት ጊዜ ነው የተበከለ!" አለች ሌላይቱ። ያን ዕለት ቀበሌያችን የሕፃናት አገር ሆነች፤ ጢማቸውን በነጠላ እየሸፈኑ እናቶቻቸው ወሰዷቸው። መስኩ ላይ የቀረው ወዳጆ ብቻ ነው።

"ይሄስ?" አለ ካድሬው።

ከወንዶቹ መሀል አንድ ድምፅ "እሱ ጎልማሳ ነው ተብሏል" አለ።

በዛወርቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። አምባዬ ያን ጊዜ ሊቀመንበርነቱ ጠፋው፤ ካባው የወለቀበት ቄስ መሰለ። "ተጫውቷል!" ብሎ ጮኸ። "ልጄም ተጫውቷል! ዋሽቼ ነው!"

"ማን ይመሰክራል?"

"ዕቃው የእሷ ነው። የትምወርቅ ታውቃለች። ትንገርዎ።"

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። እውነቱን እናገራለሁ፤ በልቤ "ቅመሳት" ያልሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም። ገብረ አማኑኤልን የጠራ አፍ ዛሬ በእሷ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የትምወርቅ አምባዬን አየችው። ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠችውን በዛወርቅን አየች፤ ረጅም ጊዜም አየቻት።

"ተጫውቷል" አለች። "ሕፃን ነው።"

አጠገቡ ስትደርስም፣ አሁን እርስዎ የለ፣ ጓድ የለ፣ "አምባዬ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ለእናቱ ሕፃን እንደሆነ ዛሬ ገባህ?" አለችው። እሱ ልጁን በእጁ ይዞ ከመስኩ ወጣ።

ካድሬው ባዶ መኪና ይዞ አልተመለሰም። በማግሥቱ ከወንዙ ማዶ ካለው ቀበሌ ከእኛ የቀረበትን የአምስት ልጅ ኮታ በእነሱ ላይ ደርቦ አሥር ልጅ ጭኖ ሄደ። እዚያ አሰብ የሚነዳ ወንድም ያለው ሰው አልነበረም። ለቅሶው በነፋስ እየመጣ ለሁላችንም ይሰማን ነበር፤ ሁላችንም ያልሰማን መስለን ሥራችንን ሠራን።

የትምወርቅ ግን እንዝርቷን አስቀመጠች። ያለ እንዝርት ስትሄድ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀጥ ብላ አምባዬ ቤት ሄደችና መጫወቻውን መልስልኝ አለችው።

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ለማዶ ሰዎች ልሰደው ነው። ጥሪው ተመልሶ ሲመጣ ልጆቻቸው ተጫውተው ይቆዩ።"

አምባዬ ዕቃውን ከኪሱ አወጣ። ለጥናት ከወሰደው ጀምሮ ከእጁ አልተለየም ነበር። ቁልፉን ቢጫን፣ ደግሞ ቢጫን፣ ሰውዬው አልተነሣም።

"ባትሪው አልቋል" አላት።