ባዶ ስብሰባና የሊቀመንበሩ ኮት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከወላጆች ስብሰባ ሲመለስ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። አራተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ የሒሳብ መጽሐፏ እንደገና ተቀይሯል። «አባባ፣ ማታ ማታ ላስጠናት ብል አልቻልኩም። ማካፈሉን እንኳ እኛ በተማርንበት መንገድ አይሠሩትም» አለኝ። ጫማውን እያወለቀ ሲያጉረመርም ቆየና፣ «ለመሆኑ ይህን መጽሐፍ የሚመርጠው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሳቄ መጣ። «አንድ ጊዜ እኔ መርጫለሁ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ወደ ጫማው አቀረቀረ። አላመነኝም። ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝም የእሱ አለማመን ነው።

በደርግ ዘመን፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ ነቀምት ውስጥ ከእኔ የተሻለ ልብስ ሰፊ አልነበረም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም። የሙሽራ ሱሪ ለማሰፋት ከአርጆ ድረስ «ደምሴ የታለ?» እያሉ ይመጡ ነበር፤ ሰው በከንቱ ያን ያህል መንገድ አይመጣም። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት በጋሽ ከድር ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ጋሽ ከድር ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምት የከተሙ ነጋዴ ናቸው። አባትና እናቴ ደግሞ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የጠጣሁ ነኝ።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ስኳር ነው። ጋሽ ከድር ስኳርና ጨው የሚጠቀልሉት በአሮጌ መጻሕፍት ገጽ ነበር፤ የሒሳብ ገጽ ሲገኝ ደንበኛው ዕቃውን ከመውሰዱ በፊት ለምኜ አነበዋለሁ፣ አንዳንዴም በሌላ ወረቀት አስለውጣለሁ። ገጾቹ በተራ ስለማይመጡ ማካፈልን ከማባዛት በፊት አወቅሁ፣ ክፍልፋይን በአንድ ሳምንት ጨረስኩ፣ መቶኛ ግን ገጹ እስኪገኝ አንድ ክረምት አስጠበቀኝ። «አንተ ልጅ፣ ሰው ስኳሩን ሲልስ አንተ ወረቀቱን ትልሳለህ!» ይሉኝ ነበር ጋሽ ከድር። እንዲህም ሆኖ በሒሳብ የሚረታኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ማለቴ ነው።

በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከቀበሌና ከማኅበራት የተውጣጣ ኮሚቴ ነበረው። እኔ የወጣቶች ማኅበርን ወክዬ ገባሁና፣ የእጅ ጽሑፌን ያዩ ሁሉ ጸሐፊ ይሁን አሉ። ሰብሳቢያችን የቀበሌው ሊቀመንበር ኦቦ ዲንሳ ነበሩ፤ ትልቅ ሰው፣ ድምፃቸው ከገበያ ወዲያ ማዶ የሚሰማ። በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ሁለት የሒሳብ መጻሕፍት አሉ፤ አንዱ የቆየው፣ ሌላው ለሙከራ የታተመው አዲሱ ነው። አራተኛ ክፍል ለሁለት ይከፈልና ግማሹ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ይማር። ጥር ላይ ተቆጣጣሪ መጥቶ ልጆቹን ይፈትናል፤ ኮሚቴውም ለሚቀጥለው ዓመት የትኛው ይምጣ የሚለውን ሐሳቡን ይጽፋል።

እኔ ለአሮጌው ቆምኩ። በአሮጌው መጽሐፍ ልጆች የማባዛት ሠንጠረዡን በዜማ ይወርዱታል፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት! ጠዋት በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፉ እንደ መዝሙር ይሰማል። አዲሱ ግን በክብ ሥዕል የተሞላ ነው። በክቦቹ ውስጥ በግ፣ እንስራ፣ ሙዝ ተቀምጧል፤ ከሥሩም «ስብስብ» ይላል። በኮሚቴው ፊት መጽሐፉን ከፍ አድርጌ፣ «ጓዶች፣ ይህ ሒሳብ ሳይሆን የሰፌድ ሥዕል ነው» አልኩ።

በአዲሱ መጽሐፍ እንድታስተምር የሠለጠነችው መምህርት ጫልቱ የምትባል የእኔ እኩያ ነበረች፤ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ግን ቃሏ እንደ መርፌ የሚገባ። «ጓድ ደምሴ፣ አንተ ክርህን ያዝ፤ ጠመኔውን ለእኔ ተወው» አለችኝ።

«ጠመኔ እኔም አለኝ!» አልኩ፣ ጨርቅ የማሰምርበትን ከኪሴ አውጥቼ። ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ገባ። ኅዳር በእኛ አገር ቡና የሚለቀምበት ወር ነው፤ ከተማው ጭር ይላል፣ ከየግቢው ፀሐይ ላይ የተሰጣ የቀይ ቡና ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። በዚህ መሐል ኦቦ ዲንሳ የቀበሌ ስብሰባ ጠሩ። የመጣው ሰባት ሰው ነው፤ ከሰባቱም ሁለቱ አዳራሹን ሊጠርጉ የመጡ ነበሩ።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኦቦ ዲንሳ በረንዳዬ ላይ ከች አሉ። ሰላምታም የለ። «መኪናውን አቁም። ወረቀት አውጣና ጻፍ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጃቸው የምትማረው ጫልቱ ዘንድ ነው። ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ስታጠና፣ «ባዶ ስብስብ ማለት ምንም አባል የሌለው ስብስብ ነው» ትላለች። ኦቦ ዲንሳ በኦሮምኛ ሲናገሩ ከአፋቸው ማር የሚፈስ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ግን አብዛኛው ከስብሰባ የተቃረመ ነበር። «ስብስብ» የሚባል ቃል ሰምተው አያውቁም፤ «ስብሰባ»ን ግን ማን እንደ እሳቸው! «አባል»ንም እንዲሁ። ስለዚህ ጆሯቸው የሰማው፣ ባዶ ስብሰባ ማለት ምንም አባል የሌለው ስብሰባ ነው የሚል ነበር።

«ወልገኢ ዱዋ!» አሉ በኦሮምኛ ደረታቸውን እየመቱ። «ባዶ ስብሰባ! የእኔን ስብሰባ ለሕፃናት ታስተምራለች! ሰባት ሰው መጥቶ የለም ወይ? ሰባት ሰው ባዶ ነው?»

በዚያ ዘመን ይህ የሳቅ ነገር አልነበረም። የሕዝብ ስብሰባን አንቋሸሸች የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ ከወጣ፣ ቢቀልላት ወደ ሩቁ ኑኑ ቁምባ ወይም ከዚያ ወዲያ ያዛውሯታል። ጫልቱ ደግሞ ዓይነ ስውር አባት አሏት፤ ከእሷ በቀር እጃቸውን ይዞ ደጅ የሚያወጣቸው አልነበረም።

ብዕሩን ያዝኩ። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኛል። ደብዳቤው ከተጻፈ አዲሱ መጽሐፍ ይወድቃል፣ የእኔ ሐሳብ ያሸንፋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ድል ቁመት ሳይለኩ እንደተሰፋ ሱሪ ነው፤ ለብሰውት ሰው ፊት አይቆሙም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ማስረጃ የሌለው ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል። መጽሐፉን ልመርምር» አልኩ።

«እስከ ሰኞ» አሉና ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ጫልቱ ቤት ሄድኩ፤ ቤቷ ዛሬ «በከኒሳ ቀሴ» በሚባለው ሰፈር ነው። አባቷ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «አካም ጅርታ፣ ያ ጉርባ? እንዴት ነህ፣ አንተ ልጅ? እርምጃህ የልብስ ሰፊ ነው፤ አንዱ እግርህ መኪና እየረገጠ ነው የሚሄደው» አሉኝ። እስካሁን እንዴት እንዳወቁኝ አልገባኝም። በቅቤ የራሰ አንጮቴ ቀረበ። አንጮቴ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የወለጋ ሲሳይ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ በቅቤና በሚጥሚጣ ሲታሽ ሌላውን ምግብ ያስረሳል። አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ ጸለዩ፤ በዚያን ጊዜ ጸሎት ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚጸለየው።

የመጣሁበትን ነገርኳት። መጀመሪያ ከልቧ ሳቀች፣ «ባዶ ስብሰባ!» እያለች። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመና ወደ አባቷ አየች።

«እኔ እያለሁ አትፍሪ» አልኩ። «ግን እኔም ያልገባኝን ነገር ለሰው ማስረዳት አልችልም። እነዚህ ክቦች ለምን ይጠቅማሉ?»

«እሺ፣ ጥያቄ ልስጥህ» አለች። «ሃያ ተማሪዎች አሉ። አሥራ አራቱ ኦሮምኛ ይናገራሉ። አሥራ አንዱ አማርኛ ይናገራሉ። ከሁለቱ አንዱንም የማይናገር የለም። ሁለቱንም የሚናገሩት ስንት ናቸው?»

ለእኔ ይህ ቁርስ ነው። «ጥያቄሽ ራሱ ስህተት ነው» አልኩ ወዲያው። «አሥራ አራትና አሥራ አንድ ሃያ አምስት ነው። ሃያ ተማሪ ብለሽ አምስት ሰው ከየት አመጣሽ?»

አባቷ አንጮቴያቸውን እንደያዙ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ሴት ልጃቸው ትምህርቷን ጮክ ብላ ስታዘጋጅ ብቻ ነው የሚሰሙት። «ያ ደምሴ! አግኝተኸው እኮ ነው የምትጥለው። እነዚያ አምስቱ እንደ አንተ ያሉ ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ስቆጥር አንተ አለህ፤ አማርኛ ተናጋሪ ስቆጥርም አለህ። ሁለት ጊዜ ተቆጠርክ እንጂ ሁለት ሰው አልሆንክም» አሉ።

ጫልቱ በዱላ መሬት ላይ ሁለት ክብ ሣለች፤ አንዱ በከፊል በሌላው ላይ የተደረበ። መሐል ላይ ነጥብ አደረገችና «ይህ አንተ ነህ» አለችኝ። ዓይነ ስውሩ ያዩትን እኔ ሳላየው ቀረሁ። ያ ገጽ ከስኳር ጋር ሳያልፍብኝ አልቀረም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መጽሐፉን ተውሼ እሑድን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሌላ ሰው ወር ይፈጅበት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ዲንሳ መጡ። ጋሽ ከድር ባንኮኒያቸውን ተደግፈው ጆሯቸውን ጣሉ። «ደብዳቤውስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለመስቀል እንዲደርስልዎ የኮት ጨርቅ ሰጥተውኝ ነበር።»

«ሰጥቼህ ነበር!» አሉ፤ ቁጣቸው ወዲያው አቅጣጫውን ቀየረ። «መስቀል አልፎ ኅዳር ገባ!»

«እኔ ሰፍቼ የጨረስኩልዎ ኮቶች ሁሉ በአንድ ላይ ስብስብ ይባሉ እንበል። ይህ ስብስብ ስንት አባል አለው?»

«ምን አባል አለው? አንድም የለው! ሂንጅሩ!»

«ባዶ ስብስብ ማለት እሱ ነው። ስብሰባ ሰው የሚጠራበት ነው፤ ስብስብ ግን ነገር የሚቆጠርበት ነው። ልጅዎ ያጠናችው ስለ ሁለተኛው ነው፤ የእርስዎን ስብሰባ የነካው የለም።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ከድር ናቸው። ኦቦ ዲንሳ አንድ ጊዜ መኪናዬን፣ አንድ ጊዜ ማንጠልጠያው ላይ ያለ እጅጌ የቀረውን ጨርቃቸውን አዩ። ከዚያ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ገባኝ» አሉ። «በደንብ ገባኝ። እንግዲያውስ ስማ፤ ስብስቡን እስከ ዓርብ ሙላው!»

ዓርብ ሞላሁት። ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ፤ ጫልቱም ከአባቷ ጋር ነቀምት ቆየች።

ጥር ላይ ተቆጣጣሪው መጥቶ ልጆቹን ፈተነ። ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከፈተናው የተሻሉትም እነሱ ነበሩ። በማባዛት በኩል የአሮጌው መጽሐፍ ልጆች መልሱን ጥያቄው ሳያልቅ ይሉት ነበር፤ የአዲሱ ልጆች ጣታቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። በጽሑፍ የተሰጠው ጥያቄ ላይ ግን የአሮጌው ልጆች ያዩትን ቁጥር ሁሉ ደመሩት፤ ልክ እንደ እኔ። የጫልቱ ተማሪዎች ክብ ሣሉና አስበው መልሱን አገኙ። እኔም የኮሚቴውን ሐሳብ ስጽፍ፣ አዲሱ መጽሐፍ ይምጣ፣ የአሮጌው ዜማ ግን አይቅር ብዬ ጻፍኩ። ያን የመሰለ ደብዳቤ ከዚያ ቀበሌ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያስ? መስከረም ላይ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ የጭነት መኪና መጽሐፍ አምጥቶ አራገፈ። ስንፈታው አሮጌው ነው! ኋላ እንደሰማነው አዲሱን አርጆ አራግፎታል፤ የአርጆ ሰዎች ደግሞ የጠየቁት አሮጌውን ነበር። በዚያ ጭቃ መልሶ የሚጭን አልተገኘም። እኛ ወራት ሙሉ ያመዛዘንነውን አንድ ሾፌር በአንድ ጠዋት ወሰነው።

እኔ ግን ነገሩን እንዲሁ አልተውኩትም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአርጆ ደንበኛ ሲመጣ ወገቡን እየለካሁ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» እለዋለሁ። የነቀምቱንም እንዲሁ። ከአርጆም ከነቀምትም የሚያውቅ አለ፣ ሜትሬን የሚያይም አለ። ወዲያው የሚመልሱትን ማን እንዳስተማራቸው ስጠይቅ የአንድ መምህር ስም ይጠራሉ፤ የመጽሐፉን ሽፋን ቀለም እንኳ የሚያስታውስ አላገኘሁም። ጫልቱ በእጇ የቀረችውን አንዷን አዲስ መጽሐፍ ይዛ ክቦቿን ማስተማር ቀጠለች፤ የማባዛት ዜማውንም ጨመረችበት። ዜማውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አግብቷት ይሆናል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ያገባችው ሌላ ሰው ነው፤ የሠርግ ሱፉን ግን እኔ ሰፋሁት፣ ለቀኑም አድርሼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። ጫማውን ረስቶ ያዳምጠኝ ነበር። ስጨርስ፣ «እሺ አባባ፣ ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ጥሩ ነበር?» አለ።

«ጫልቱ» አልኩት።

«እሷ መጽሐፍ አይደለችም እኮ።»

«እኔም እሱን እያልኩህ ነው።»

የልጅ ልጄን አዲስ መጽሐፍ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ክፉ አይደለም፣ እኔ ብጽፈው ትንሽ ይሻል ነበር። ነገ ጠዋት ከእሷ ጋር ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የምታስተምራት ማን እንደሆነች ገና አላየሁም።